ቅዱስ ላሊበላ፤ ብዙዎችን በአንድነት ያቆመ ንጉሥ

ብዙ ሰዎች በአንድ ቦታ መገኘታቸው ብቻ አንድ አያሰኛቸውም። በገበያ ቀን የሚሰበሰበው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሽቅብ ሲወጣ ሌላው ቍልቍል ይወርዳል፤ አንዱ ሲጣራ ሌላው አይሰማውም። በማሕሌት የቆሙ ካህናት ግን ሃምሳም ይሁኑ መቶ፥ መቋሚያቸው በአንድነት ይነሣል፤ በአንድነትም ይወርዳል። ጸናጽላቸው አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ እግራቸው አንድ ምት ይጠብቃል። ይህን የሚያይ እንግዳ ሰው ያዘዛቸውን ለማወቅ ዙሪያውን ቢመለከት፥ ፊት ለፊት ቆሞ እጁን እያወዛወዘ የሚመራ አዛዥ አያገኝም። ታዲያ ይህ ስምምነት ከወዴት መጣ? ሰው የራሱን እንቅስቃሴ ከባልንጀራው እንቅስቃሴ ጋር የሚያስማማው በምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነን በላስታ ተራሮች መካከል ተወልዶ፥ በዚያው ነግሦ፥ በዚያው ያረፈው የጻድቁ ንጉሥ የቅዱስ ላሊበላ ሕይወት ነው። የዚህን ቅዱስ ሕይወት ከልደቱ እስከ ዕረፍቱ ብንመረምር፥ ብዙዎች እንደ አንድ ሆነው የሚንቀሳቀሱበት ምሥጢር ደጋግሞ ሲገለጥ እናገኘዋለን። ስለዚህ ዜና ሕይወቱን በዚህ መንገድ ተከትለን በአጭሩ እንናገራለን።

ስለ ልደቱና ስለ ስሙ

ቅዱስ ላሊበላ የተወለደው በላስታ ሮሃ በተባለው ስፍራ ነው። ገድሉና የአበው ትውፊት እንደሚነግሩን ልደቱ ታኅሣሥ 29 ቀን በ1101 ዓ.ም. ነው። የታሪክ ሊቃውንት ግን ዘመነ መንግሥቱን በ12ኛው ምእት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ያደርጉታል። ወገኑ ከዛጔ ነገሥታት ነው። ከእነዚህም ነገሥታት መካከል ይምርሐነ ክርስቶስ፥ ሐርቤ፥ ላሊበላና ነአኵቶ ለአብ ቅዱሳን ተብለው ይከበራሉ።

በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ መጥቶ ሕፃኑን ከበበው፤ ነገር ግን አንዲትም ንብ አልነደፈችውም። እናቱም ይህን አይታ ንቦቹ ንጉሣቸውን እንዳወቁ በመንፈሰ ትንቢት ተናገረች፤ ስሙም ላሊበላ ተባለ። ትርጓሜውም ንብ መንግሥቱን ዐወቀ ማለት እንደ ሆነ አበው ያስረዳሉ።

ንብ ማነብ ለላስታ ሰው የቆየ ሙያ ስለ ሆነ፥ ይህ ምልክት ለአገሩ ሰው ባዕድ አይደለም። ንብ ያነባ ሰው እንደሚያውቀው መንጋው ከቀፎ ሲወጣ እንደ አንድ ደመና ይነሣል፤ በቅርንጫፍ ላይ ሲያርፍም እንደ አንድ ዘለላ ተያይዞ ያርፋል። በሺሕ የሚቈጠሩ ክንፎች ሲሆኑ አሳባቸው አንድ ይመስላል። ይህ የሚሆነው እያንዳንዲቱ ንብ የጎረቤቷን እንቅስቃሴ ስለምትከተል ነው፤ የሁሉን መንገድ አስቀድማ ስለምታውቅ አይደለም። እንግዲህ እግዚአብሔር የንጉሡን መምጣት በንብ መንጋ ማመልከቱ ስለ ክብሩ ብቻ አልነበረም ብንል ከእውነት አንርቅም። ወደ ፊት በእርሱ ዘመን የሚሠራው ሥራ ሁሉ የብዙዎች እጅ የሚተባበርበት እንደሚሆን የሚያሳይ ጥላ ነበር።

ስለ መከራውና ከወንድሙ ጋር ስለ መታረቁ

አንድነት ሁልጊዜ በሰላም አይገኝም። የንቦቹ ምልክት በተሰማ ጊዜ በቤተ መንግሥቱ ቅናት ገባ። በዙፋኑ የነበረው ወንድሙ ሐርባይ፥ እርሱም ቅዱስ ሐርቤ የተባለው፥ ታናሹ መንግሥቱን እንዳይወስድበት ሠጋ። በአንድ ቤት ያደጉ፥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የቆረቡ ወንድማማቾች ልባቸው ተለያየ። አንዱ ሲቀርብ ሌላው ይርቅ ጀመር።

ገድሉ እንደሚናገረው ከዘመዶቹ አንዲቱ መርዝ በመጠጥ ቀላቅላ ለላሊበላ ሰጠችው። አብሮት የነበረው ዲያቆን አስቀድሞ ቢቀምሰው ወዲያው ሞተ። ላሊበላም ስለ እርሱ የሞተውን አገልጋይ አይቶ ብቻውን ሊተርፍ አልወደደም፤ የቀረውን አንሥቶ ጠጣ። በዚህ ጊዜ እንደ ሞተ ሆኖ ሦስት ቀን ቆየ፤ መላእክትም ነፍሱን ወደ ሰማይ አውጥተው ከአንድ ድንጋይ የሚታነጹትን አብያተ ክርስቲያናት አሳዩት። መልካቸውንና ልካቸውን ካየ በኋላ ወደ ሥጋው ተመለሰ።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስተውል። ይህ ቅዱስ የሰማያዊውን ሕንጻ ራእይ ያየው ከዲያቆኑ ሞት ራሱን ሳይለይ በቀረበት ሰዓት ነው። ከባልንጀራው ጋር አብሮ መውደቅን የመረጠ ሰው፥ ብዙዎችን አብሮ የሚያነሣበትን ሥራ ተቀበለ።

ከዚህም በኋላ ስደት መጣበት፤ በምድረ በዳ ኖረ። ትውፊት እንደሚናገረው ደግ ሚስቱን ቅድስት መስቀል ክብራን በእግዚአብሔር ፈቃድ አገባ፤ መልአክም መርቶት ኢየሩሳሌምን አየ። በመጨረሻም ጌታ ለሐርባይ በራእይ ተገልጦ መንግሥቱን ለወንድሙ እንዲለቅ አዘዘው። ሐርባይም ትእዛዙን ሰምቶ አልተቃወመም፤ ወንድሙን አስጠርቶ፥ ይቅርታ ጠይቆ፥ ዙፋኑን በፈቃዱ ለቀቀለት። ላሊበላም በቀል አላሰበም። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ወንድማማቾች በቅድስና ታከብራለች፤ ይህም የእርቁን እውነተኛነት የሚመሰክር ነው።

በእርቁ ውስጥ የተሰወረው ትምህርት ይህ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ሊራመዱ የሚችሉት አንዱ እርምጃውን ሲያሳጥር፥ ሌላውም ሲያስረዝም ነው። የፈጠነው ካልቈየ፥ የዘገየውም ካልተጋ አብሮ መሄድ የለም። ሐርባይ ወደ ኋላ ማለትን፥ ላሊበላ ያለ ትዕቢት ወደ ፊት መምጣትን ባይማሩ ኖሮ፥ ዛሬ የዓለም ሰው የሚደነቅበት የሮሃ ሥራ ባልተጀመረ ነበር።

ስለ ንግሥናውና ስለ ሕንጻው

ቅዱስ ላሊበላ አርባ ዓመት እንደ ነገሠ ይነገራል። በዘመኑም በሰማይ ያያቸውን አብያተ ክርስቲያናት ማሳነጽ ጀመረ። ዛሬ በስሙ በምትጠራው ከተማ የሚገኙት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዐሥራ አንድ ናቸው። ከዮርዳኖስ ወንዝ ወዲህ ማዶ ቤተ መድኃኔ ዓለም፥ ቤተ ማርያም፥ ቤተ መስቀል፥ ቤተ ደናግል፥ ቤተ ሚካኤልና ቤተ ጎልጎታ አሉ፤ ከወንዙ ወዲያ ማዶ ቤተ ዐማኑኤል፥ ቤተ መርቆሬዎስ፥ ቤተ አባ ሊባኖስ፥ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ይገኛሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው በመስቀል ቅርጽ ተፈልፍሎ ቆሟል። ቤተ መድኃኔ ዓለም ብቻውን 33 ሜትር ያህል ርዝመት፥ 23 ሜትር ያህል ወርድ፥ 11 ሜትር ያህል ቁመት አለው። ቤተ አባ ሊባኖስን ያሳነጸችው ንግሥት መስቀል ክብራ እንደ ሆነች ትውፊት ያስረዳል።

የዚህ ሕንጻ አሠራር ከሌላው ሕንጻ ሁሉ የተለየ ነው። ሌላ ቤት የሚሠራ ሰው ከመሠረት ጀምሮ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እያኖረ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ድንጋይ ቢጣመም አውጥቶ ሌላ ይተካበታል። የሮሃ ጠራቢዎች ግን በመጀመሪያ ዙሪያውን ቆፍረው ትልቁን ዐለት ከተራራው ለዩት፤ ቀጥሎም ከጣራው ጀምረው ወደ ታች እየጠረቡ ወረዱ፤ በመስኮቱና በበሩ ገብተው ውስጡን ፈለፈሉ። ምሰሶውም ቅስቱም አልመጣም፤ በቦታው ቀረ እንጂ። በዚህ ሥራ የተሳሳተ እጅ ያጠፋውን የሚመልስ ምንም ነገር የለም። ከሚገባው በላይ የተቈረጠ ድንጋይ ዳግመኛ አይቀጠልም።

ስለዚህ በአንድ ዐለት ላይ በግራና በቀኝ፥ በላይና በታች የቆሙት ጠራቢዎች ሁሉ አንዱ የሌላውን መጠን መጠበቅ ነበረባቸው። በምሥራቅ በኩል ያለው ጠራቢ ቸኵሎ ቢወርድ፥ የምዕራቡም ቢዘገይ፥ ጣራው ይጣመማል፤ መስኮቶቹም ትይዩ አይሆኑም። የተፈለፈለውን ድንጋይ በቅርጫትም ሆነ በትከሻ የሚያወጡት ሰዎች ከጠራቢዎቹ እኩል ካልፈጠኑ ጕድጓዱ ይሞላል፤ ሥራውም ይቆማል። እንግዲህ ይህ ሕንጻ የመዶሻና የመሮ ማሕሌት ነበር ቢባል ቃሉ አይበዛበትም። ገድሉም ሰዎች በቀን የሠሩት በማግሥቱ በዝቶ ይገኝ እንደ ነበር፥ መላእክትም ከሰው ጋር ይሠሩ እንደ ነበር ይናገራል። የሰማይና የምድር ሠራተኞች አንዱ የተወበትን ሌላው እየተቀበለ ፈጸሙት ማለት ነው።

በ16ኛው ምእት ዓመት ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ጽፏል፤ ያየውን ሁሉ ቢናገር የሚያምነው እንዳይጠፋ በመሥጋትም የጻፈው እውነት መሆኑን በመሐላ አረጋግጧል። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ስለ ልደቱ በዓልና ስለ ቤዛ ኵሉ

የቅዱሱ ልደት ከጌታችን ልደት ጋር በአንድ ቀን ስለ ዋለ፥ በላሊበላ የገና በዓል ድርብ በዓል ነው። ለዚህም በዓል ምእመናን ከየአገሩ በእግር ይመጣሉ። የቅኔ ትምህርት በስሟ ከሚጠራባት ከዋድላ፥ ከኮንና ከአካባቢው ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የሚጓዘውን ማኅበር ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ይረዳል። በጉዞው መካከል ሽማግሌ ካለ የሽማግሌው እግር የሁሉ መለኪያ ይሆናል፤ ሕፃን የታቀፈች እናት ካለች ማኅበሩ በእርሷ ልክ ይራመዳል። ጐልማሳው ብቻውን ቢሄድ ቀድሞ ይደርስ ነበር፤ ነገር ግን ብቻውን መድረስን አይፈልግም። ከበዓሉ አስቀድሞ በመንገድ ላይ የሚጀመረው ማሕሌት ይህ ነው።

በበዓሉ ዕለት ቤዛ ኵሉ የሚባለው ሥርዓት በቤተ ማርያም ይፈጸማል። ካህናቱ በሁለት ይከፈላሉ። እኵሌቶቹ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ባለው የዐለት አፋፍ ላይ፥ ማሜ ጋራ በሚባለው ስፍራ፥ ነጭ ለብሰው ይሰለፋሉ፤ እኵሌቶቹም ከታች በቅጽሩ ውስጥ ይቆማሉ። ከላይ ያሉት በልደት ሌሊት ያመሰገኑት የመላእክት ምሳሌ ናቸው፤ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። የላዮቹ ሲያዜሙ የታቾቹ ይቀበላሉ፤ የላዮቹ ጐንበስ ቀና ሲሉ የታቾቹም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሰማይና ምድር በዚያች ሌሊት እንደ ታረቁ፥ ይህን በዓይን የሚታይ ሆኖ ያየዋል ሕዝቡ።

የዚህ ዝማሬ ሥር በ6ኛው ምእት ዓመት በአክሱም ከተነሣው ከቅዱስ ያሬድ ነው። ግዕዝ፥ ዕዝልና ዓራራይ የተባሉትን ሦስቱን ዜማዎች ያስተማረ እርሱ ነው። ከእርሱም በኋላ የተነሡ ሊቃውንት የአቋቋሙን ሥርዓት አስፍተው፥ በየቦታው በየስልቱ አደላድለው ለእኛ አድርሰውልናል።

የአቋቋም ሥርዓት ሰዎች እንቅስቃሴያቸውን የሚያስማሙበት ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ካህናቱ በቀኝና በግራ ሁለት ረድፍ ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ የቀኙን ቀኝ ጌታ፥ የግራውን ግራ ጌታ ይመራዋል፤ በሁሉም ላይ መሪ ጌታው አለ። ረድፎቹ ትይዩ መሆናቸው እያንዳንዱ አገልጋይ ከፊቱ ያለውን ወንድሙን እያየ እንዲንቀሳቀስ ያደርገዋል። አስቀድሞ ዜማው ያለ ከበሮ በቁም ይባላል፤ በዚህ ጊዜ ሁሉም ጆሮውን ለቃሉ ይሰጣል። ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው እንደ ዜማው ይዘነበላል፤ እጅ ከድምፅ ጋር ይስማማል። ከዚያም በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ እርምጃው በቀስታ ይጀመራል። በመጨረሻ በጽፋት እጅ ይጨበጨባል፤ ምቱ ይፈጥናል፤ የማኅበሩም ደስታ ይገለጣል። ስምምነቱ እንዲህ ደረጃ በደረጃ ይገነባል እንጂ በአንድ ጊዜ ከፍጻሜው አይጀመርም። ከሐዲስ ገቢው ተማሪ ጀምሮ እስከ አረጋዊው መሪ ጌታ ድረስ ሁሉ ይህን መንገድ በየበዓሉ እንደ ገና ይሄዱበታል።

ንዋያቱም ሁሉ ምሥጢር አላቸው። የከበሮው ሰፊ አፍ የመለኮት፥ ጠባቡ አፍ የትስብእት ምሳሌ ነው፤ ጠፍሩ ጌታ የተገረፈበትን ጅራፍ ሰንበር ያሳስባል። ወዲያና ወዲህ ማለቱም ጌታ በሕማሙ ጊዜ አይሁድ ወዲያና ወዲህ እንዳንገላቱት ያመለክታል። ስለዚህ በማሕሌት ላይ የሚደረግ እንቅስቃሴ ጭፈራ አይደለም፤ የደስታውም መሠረት መስቀሉ ነው።

በዘመናችን ይህን ነገር በሌላ መንገድ የመረመሩ አሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. በስዊድን አገር የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አብረው የሚዘምሩ ሰዎችን የልብ ትርታ ለክተው፥ ትንፋሻቸው በዜማው ሲገታና ሲለቀቅ የልባቸውም ትርታ አብሮ እንደሚፋጠንና እንደሚዘገይ አገኙ። አባቶቻችን በመሣሪያ ሳይለኩ ያወቁት ይህን ነው። አብሮ የሚተነፍስ ማኅበር ልቡም ይቀራረባል።

ስለ ዕረፍቱና ለእኛ ስለ ተረፈው ትምህርት

ቅዱስ ላሊበላ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ መንግሥቱን ለወንድሙ ልጅ ለነአኵቶ ለአብ እንዳወረሰ ትውፊት ይናገራል። ከወንድሙ የተቀበለውን ለወንድሙ ቤት መለሰው። በማሕሌት የቀኙ ያነሣውን ግራው ተቀብሎ መልሶ ለቀኙ እንደሚሰጥ፥ እንዲሁ ዙፋኑን ለራሱ ሳያስቀር ተቀብሎ ሰጠ። ሰኔ 12 ቀንም ዐረፈ፤ ቤተ ክርስቲያንም ዕረፍቱን በየዓመቱ በዚህ ቀን ታከብራለች። መቃብሩም በቤተ ጎልጎታ እንደ ሆነ ይታመናል።

ላስታ ከዚያ ወዲህ ብዙ መከራ አይታለች። በቅርብ ዘመን እንኳ ከሐምሌ ወር 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በነበረው ጦርነት ከተማይቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች። የአንድ አገር ልጆች፥ የአንድ ጥምቀት ወንድማማቾች፥ እንደ ጥንቶቹ ወንድማማቾች ሳይሆን እርቅ ሳይቀድም በጦር መሣሪያ ተገናኙ። ሆኖም በዚያው በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ 29 ቀን ምእመናን እንደ ገና ተሰበሰቡ፤ የልደቱም በዓል ተከበረ።

እንግዲህ ይህ በዓል ወቀሳም መጽናኛም ይሆነናል። ወቀሳነቱ፥ በበዓል ቀን እግራችንን ካስማማን በኋላ በማግሥቱ ልባችንን ስለምንለያይ ነው። በማሕሌት ከወንድሙ ትይዩ ቆሞ አንድ ምት የጠበቀ ካህን፥ ከዐውደ ምሕረት ሲወርድ ስለ ሹመትና ስለ ጥቅም ከዚያው ወንድሙ ጋር ቢጣላ፥ መቋሚያው ያስተማረውን ጆሮው አልሰማም ማለት ነው። በቅዳሴ ሕዝቡ ሲነሣ የተነሣ፥ ሲሰግድ የሰገደ ምእመንም የተራበውን ጎረቤቱን አልፎ ቢሄድ ሰውነቱ እንጂ ነፍሱ ከማኅበሩ ጋር አልቆመችም። ሐዋርያው ጳውሎስ ብልቶች ብዙ ሲሆኑ አካል አንድ እንደ ሆነ ያስተማረው ይህን ስለ መሰለ ነው፤ እጅ ሲታመም እግር ካልተሰማው፥ ያ አካል ሕያው መሆኑ ያጠራጥራል።

መጽናኛነቱ ደግሞ፥ ስምምነት የሚማሩት ነገር መሆኑን ስለሚያሳየን ነው። ማንም ሰው መቋሚያ ይዞ አልተወለደም። ሐዲሱ ተማሪ በኋላ ረድፍ ቆሞ፥ ከፊቱ ያሉትን እያየ፥ ሲቸኵል እየተገታ፥ ሲዘገይ እየተጋ፥ በዓመታት ብዛት ከማኅበሩ ጋር ይስማማል። ድምፁ ያማረ ሰው ድምፁን ዝቅ ማድረግን ይማራል፤ ኀይለኛው ለደካማው መታገሥን ይማራል። ወንድማማቾችም እንዲሁ ይማራሉ፤ ቤተሰብም፥ ደብርም፥ አገርም። የጠራቢው መሮ ያበላሸው ድንጋይ ዳግመኛ አይቀጠልም፤ የተለያየ የወንድማማቾች ልብ ግን በንስሐና በይቅርታ ይቀጠላል። ከድንጋይ ይልቅ ሰው የተሰጠው ጸጋ ይህ ነው።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፥ በማሕሌትም ሆነ በቅዳሴ በቆማችሁ ጊዜ ከአጠገባችሁና ከፊታችሁ የቆመውን ወንድማችሁን አስተውሉት። ቀድማችሁት እንደ ሆነ ጠብቁት፤ ቀድሟችሁ እንደ ሆነ ተከተሉት። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጡም ይህንኑ ሥርዓት ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ። ያን ጊዜ የጻድቁ ንጉሥ ሥራ በዐለት ላይ ብቻ ሳይሆን በእኛም ላይ ይታያል።

በንብ መንጋ የከበበው፥ ከወንድሙ ጋር ያስታረቀው፥ የሰማዩን ሕንጻ በምድር ያሳየበት አምላክ፥ በጻድቁ ንጉሥ በቅዱስ ላሊበላ ጸሎት አገራችንንና ቤተ ክርስቲያናችንን በአንድ ልብ ያቁምልን። ረድኤቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።